ዝንጀሮ ለምን ሰው አይሆንም? ለአንድ የባዮሎጂ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ “የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ዝግመተ ለውጥን ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ‘ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ፣ አሁን ያሉት ዝንጀሮዎች ለምን ሰው አይሆኑም?’ ይሉኛል። እንስሳት በሕይወት ለመቆየት ሲሉ ራሳቸውን ከአካባቢያቸው ጋር ያስማማሉ እላቸዋለሁ። ቀጭኔም ከፍ ያለ ቅጠል ለመድረስ ስትል አንገቷ ረዘመ እላለሁ። ለውጡ ግን ሚሊዮን ዓመታት ስለሚፈጅ በዓይናችን አናየውም ብዬ እጨምራለሁ። ተማሪዎቹ አይረኩም። ‘ታዲያ ማን አየው?’ ይላሉ። ክርክሩ ሲከር ‘ለማንኛውም ቲዎሪ ነው’ ብዬ እዘጋዋለሁ። መልሴ የሚሳሳተው የቱ ጋ ነው?”

ምላሽ፦

ተማሪዎቹ አለመርካታቸው ልክ ነው። መልሱ ሦስት ቦታ ላይ ይስታል፤ ለውጡ የሚደርሰው በማን ላይ እንደሆነ፣ ከምን እንደሚነሳና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ። “ቲዎሪ ነው” የሚለው መዝጊያም የራሱ ችግር አለበት። መጀመሪያ ግን ዝንጀሮውን እንይ።

ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚል ሳይንስ የለም። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ዝንጀሮ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው። ያ ቅድመ አያት ዛሬ የለም። ሰውም አልነበረም፣ ዝንጀሮም አልነበረም። የዝንጀሮ መስመርና የእኛ መስመር የተለያዩት ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ወይም ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል ለእኛ የሚቀርቡት ቺምፓንዚና ቦኖቦ ናቸው። ከእነሱ መስመር የተለየነው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ቺምፓንዚ ደግሞ በአገራችን ጫካ የለም። ተማሪው “ዝንጀሮ” ሲባል በሐሳቡ የሚመጣው ማሳ የሚያበላሸው እንስሳ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገና ሲነሳ ሩቁን ዘመድ የቅርብ አድርጎ ነው።

እኛ ዘመድ ስንቆጥር እስከ ሰባት ቤት እንሄዳለን። ሁለት ሰዎች አምስተኛ ቤት ላይ አንድ ቅድመ አያት ሊገናኛቸው ይችላል። አንዱ ከሌላው አልተወለደም። አንዱ ሌላውን እንዲሆንም ማንም አይጠብቅም። ሁለቱም የየራሳቸውን ልጆች ወልደው ቀጥለዋል። የሰውና የዝንጀሮ ዝምድናም እንደዚሁ ነው፤ ቤቱ ግን እጅግ ሩቅ ነው።

ስሜን ተራሮች ላይ ያለውን ጭላዳ ይውሰዱ። ጭላዳ ሰው ወደ መሆን ሲሄድ መንገድ ላይ የቀረ ፍጡር አይደለም። ሣር በመብላት የተካነ፣ በጣቶቹ ሣር እየነጨ የሚውል፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖር እንስሳ ነው። የእሱ ወገኖች ድሮ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከዛሬው ጭላዳ በጣም የሚገዝፉ ነበሩ። ሁሉም ጠፍተው የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ጭላዳ ሰው መሆን ያቃተው ሳይሆን ጭላዳ መሆን የተሳካለት ነው። ተማሪ ይህን ሲሰማ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይቀይራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከክፍልዎ እንዲያወጡ እመክራለሁ። ያ ጎባጣ ዝንጀሮ ቀስ በቀስ ቀና እያለ መጨረሻ ላይ ሰው የሚሆንበት የሰልፍ ሥዕል ነው። ግድግዳ ላይ ካለ ያውርዱት። ዝግመተ ለውጥን የመሰላል መውጣት ያስመስለዋል። የራሳችን አፋር የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በወራንሶ ሚሌ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል አገኘ። ጥናቱ በ2019 ወጣ። ቅሉ አውስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ የተባለ የጥንት ሰው መሰል ዝርያ ነው። ቀደም ሲል ይህ ዝርያ እንዳለ ወደ ድንቅነሽ ዝርያ ተለውጦ አለቀ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሁለቱ ዝርያዎች ቢያንስ 100,000 ዓመት ጎን ለጎን ሳይኖሩ አይቀሩም አሉ። እዚያው አካባቢ ቡርተሌ ላይ ደግሞ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእግር አጥንት ተገኝቷል። አውራ ጣቱ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የሚመች ነው። የድንቅነሽ ወገኖች ቀጥ ብለው በሚሄዱበት ዘመን፣ ቅርብ ቦታ ላይ፣ ሌላ ዓይነት እግር ይዞ የሚሄድ ሌላ ፍጡር ነበረ ማለት ነው። ይህን በመሰላል ሥዕል ማሳየት አይቻልም። ቅርንጫፉ የበዛ ቁጥቋጦ ይሳሉላቸው፤ አብዛኛው ቅርንጫፍ የደረቀበት።

“ድንቅነሽ የሁላችን እናት” ማለትንም ይተዉት። ከአጥንት ተነስቶ አንዲት ግለሰብ ዘር ትታ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ዝርያዋ የእኛ ቀጥተኛ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ቅድመ አያት የቅርብ ዘመድም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ ማለት ከማስረጃው ማለፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። “እንስሳት በሕይወት ለመቆየት ሲሉ ራሳቸውን ያስማማሉ” የሚለው አረፍተ ነገር በየመማሪያ ክፍሉ አለ። የሚጎዳውም እሱ ነው። ግለሰብ እንስሳ በዝግመተ ለውጥ አይለወጥም። ይዞት የተወለደውን ጂን፣ ማለትም ከወላጆቹ የወረሰውን የዘር መመሪያ፣ ይዞ ይሞታል። የሚለወጠው የዝርያው ስብስብ ነው፤ ያውም ከትውልድ ወደ ትውልድ። አንድ ባሕርይ በስብስቡ ውስጥ ድሮ ከመቶ አምስቱ ላይ ነበረ፣ ዛሬ ከመቶ ሰማንያው ላይ ደረሰ እንበል። ዝግመተ ለውጥ ማለት ይህ የድርሻ መለዋወጥ ነው።

ግለሰብ በሕይወት ዘመኑ ምንም አይለወጥም ማለቴ አይደለም። አንድ ከአውሮፓ የመጣ ሯጭ ሱሉልታ ወይም በቆጂ ለልምምድ ቢሰነብት፣ ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል። አገሩ ሲመለስ ግን ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደነበረበት ይወርዳል። ልጅ ቢወልድም ያን ለውጥ አያወርሰውም። ይህ የሰውነት መልመድ ነው። ዝግመተ ለውጥ ሌላ ነው። ሁለቱ ስለተምታቱ ነው ተማሪ “ቀጭኔ አንገቷን ስትዘረጋ፣ ስትዘረጋ ረዘመ” ብሎ የሚጽፈው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። እናቶቻችን ስንት ሺህ ዓመት ጆሯቸውን ሲበሱ ኖረዋል። ጆሮዋ ተበስቶ የተወለደች ልጅ ግን የለችም። ግርዛትም እንደዚሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኦገስት ቫይስማን የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት የአይጦችን ጭራ በየትውልዱ እየቆረጠ አዳቅሏቸዋል። ግልገሎቹ ሁሉ ጭራ ይዘው ተወለዱ። በሕይወት ዘመን አካል ላይ የደረሰ ነገር ወደ ልጅ አይተላለፍም።

ታዲያ የቀጭኔዋ አንገት? በማንኛውም ትውልድ ውስጥ አንገታቸው ትንሽ ረዘም፣ ትንሽ አጠር ያለ ቀጭኔዎች ይወለዳሉ። ከልዩነቱ የተወሰነው ከወላጅ የሚወረስ ነው። ረዘም ያሉት በሆነ ምክንያት ብዙ ልጆች ካሳደጉ፣ በቀጣዩ ትውልድ ረጅም አንገት በዛ ይላል። ይህ ሳይቋረጥ ሲደጋገም የዛሬዋ ቀጭኔ ትመጣለች። የትኛዋም ቀጭኔ አልሞከረችም፣ አላሰበችም፣ አልታገለችም። “በሆነ ምክንያት” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ረጅም አንገት የጠቀመው ቅጠል ለመድረስ ነው ወይስ ወንዶቹ በአንገታቸው ሲፋለሙ ለማሸነፍ ነው የሚለው ክርክር አልተቋጨም። መንገዱ የታወቀ ሲሆን የዚህች እንስሳ ዝርዝር ታሪክ ግን ገና ይመረመራል። ይህን ልዩነት ለተማሪ መንገር አያሳፍርም፤ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየዋል።

በነገራችን ላይ የቀጭኔ አንገት ሌላም ይናገራል። ወደ ማንቁርት የሚሄድ አንድ ነርቭ አለ። ከራስ ቅል ተነስቶ ደረት ውስጥ ይገባል፣ ልብ አጠገብ ያለ የደም ሥር ይዞራል፣ ተመልሶ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። በእኛም እንዲሁ ነው። በቀጭኔ ግን ይህ ዙሪያ ጥምጥም በርካታ ሜትር ይሆናል። አንገት በሌላቸው ዓሣ መሰል ቅድመ አያቶች ዘመን መንገዱ አጭር ነበር። አንገት እየረዘመ ሲመጣ ነርቩ አብሮ ተጎተተ። ዝግመተ ለውጥ ከባዶ አይጀምርም፤ የሚሠራው በያዘው ነገር ላይ ነው። ለዚህ ነው “ወደ ፍጹምነት የሚደረግ ጉዞ” የሚለው አገላለጽ የማያስኬደው።

“ታዲያ ማን አየው?” ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ “ብዙ ሰው አይቶታል” ነው። እኔ ብሆን ትምህርቱን የምጀምረው ከወባ ነበር።

ጤና ኬላ ላይ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠውን ፈጣን የወባ መመርመሪያ ብዙ ተማሪዎችዎ ያውቁታል። ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት በብዛት ሲሠራባቸው የኖሩት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ተሕዋሱ ያመርተዋል፤ ደም ውስጥ ከተገኘ መስመር ይወጣል። አንዳንድ ተሕዋሳት ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የላቸውም። ዲኤንኤ ሲባዛ በተፈጠረ ስህተት ጠፍቶባቸዋል። ያለ እሱም መኖር ይችላሉ።

አሁን ሁለት ታማሚዎችን እናስብ። የመጀመሪያው ጂኑ ያላቸውን ተሕዋሳት ይዟል። መመርመሪያው “ወባ አለ” ይላል፣ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ተሕዋሳቱ ይሞታሉ። ሁለተኛው ጂኑ የጎደላቸውን ይዟል። መመርመሪያው “የለም” ይላል፣ ሰውየው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ተሕዋሱን ወደ ጎረቤት ታደርሰዋለች። ይህ በብዙ ቀበሌዎች ለዓመታት ሲደጋገም ምን ይሆናል? ጂን የጎደላቸው ድርሻቸው እየበዛ ይሄዳል። መራጩ መመርመሪያው ራሱ ሆነ።

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። ጂኑ የጎደላቸው ተሕዋሳት መኖራቸው መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ነበር። በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኙ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ድንበር አካባቢ 12,572 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ተደረገ። ውጤቱ በ2021 ታተመ። በዚህ ምክንያት መመርመሪያው ሊያመልጡት የሚችሉት የፋልሲፓረም ሕመሞች 9.7 በመቶ እንደሆኑ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ መቀየር አለበት የሚለው ድርሻው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። የተሕዋሳቱ ዘረመል ሲመረመርም ለውጡ በቅርብ ጊዜ በጠንካራ ምርጫ እንደተስፋፋ የሚያሳይ አሻራ ተገኝቷል።

ልብ ይበሉ፤ ተሕዋሱ መመርመሪያውን “ለማምለጥ ሲል” ያደረገው ነገር የለም። መመርመሪያ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ስህተቱ በአጋጣሚ ተፈጠረ። መመርመሪያው በሌለበት ዓለም ስህተቱ ምንም ላይጠቅም ይችል ነበር። ጥቅሙ የመጣው ሁኔታው ሲቀየር ነው። ተማሪዎችዎ ይህን አንድ አንቀጽ በደንብ ከተረዱ፣ ዝግመተ ለውጥን ተረድተዋል። አንድ ጥንቃቄም አብረው ይንገሯቸው። በወባማ አካባቢ የተመረመረ ሰው “ነጻ ነህ” ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ወደ ጤና ተቋም ይመለስ፤ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

የመድኃኒቱም ታሪክ ያው ነው። ለፋልሲፓረም ክሎሮኩዊን ድሮ ዋናው መድኃኒት ነበር። ተሕዋሱ ሲቋቋመው አገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ፋንሲዳር ዞረች። እሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ፣ በ2004 ኮአርተም ተተካ። ሰዎች “ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው” ይላሉ፤ አንቲባዮቲክ ላይም ይህን እንሰማለን። ሰውነት አይደለም የለመደው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ተሕዋሳት ገደለ፣ የሚቋቋሙት ተረፉና ተባዙ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። የሚቋቋመው ባክቴሪያ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል፤ መድኃኒቱን ቀምሶ የማያውቅ ሕፃንም ሊታመምበት ይችላል።

ማላዊ ውስጥ ደግሞ ፊልሙ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ይቻላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኩዊንን ለፋልሲፓረም መስጠት አቆመች። ከዓመታት በኋላ ሲመረመር መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተሕዋሳት ጠፍተው፣ በመድኃኒቱ የሚሞቱት ተመልሰው ነበር። በ2006 የወጣ ጥናት ክሎሮኩዊን እንደገና ይሠራ እንደነበር አሳየ። መቋቋም ዋጋ አለው። መድኃኒቱ በሌለበት የሚቋቋመው ተሕዋስ በመራባት ወደ ኋላ ይቀራል። “ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ ወደ ተሻለ ነገር ይሄዳል” ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የተሻለ የሚባለው ለዚያ ቦታና ለዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

ተማሪዎችዎ የገበሬ ልጆች ከሆኑ ስንዴውን ይጨምሩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ የአገሪቱን ስንዴ ሲመታ ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። በ2013 ግን ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሳ። ሰፊ መሬት በአንድ ዝርያ መሸፈኑ ለዚያ ፈንገስ ድግስ ሆነለት። በየጊዜው አዲስ ምርጥ ዘር የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዓይን የሚታይ እንስሳ ከፈለጉ ጋላፓጎስ ደሴቶች አሉ። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ያሉ ወፎችን ምንቃር እየለኩ ተከታተሉ። በ1977 ድርቅ መጣ። ለስላሳው ፍሬ አልቆ ጠንካራው ቀረ። ትልቅ ምንቃር ያላቸው በብዛት ተረፉ። የሚቀጥለው ትውልድ ምንቃር በአማካይ ተለቅ ብሎ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ትናንሽ ፍሬ ሲበዛ ደግሞ ምርጫው ወደ ትንሽ ምንቃር ዞረ። ይህ ሁሉ በሁለት ሰዎች የሥራ ዘመን ውስጥ ተለክቷል። እርግጥ ነው፣ ወፍ ምንቃሩ ተለቀ ማለት ሌላ እንስሳ ሆነ ማለት አይደለም። አዳዲስ የእንስሳት ወገኖች ለመፈጠር በእርግጥም ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል፤ እሱን የምናነበው ከቅሪተ አካልና ከዲኤንኤ ነው። እርስዎ የተሳሳቱት ሁሉንም ለውጥ በዚያ ሚዛን መለካትዎ ላይ ነው።

ከዚህ ተነስቶ “ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ሆነ ማለት ነው?” የሚል ተማሪ መነሳቱ አይቀርም። ግማሹ አዎ፣ ግማሹ አይደለም። ሚውቴሽን፣ ማለትም ዲኤንኤ ላይ የሚፈጠር ለውጥ፣ ፍላጎትን አይቶ አይመጣም፤ እያንዳንዳችን ወላጆቻችን የሌላቸውን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ ለውጦች ይዘን እንወለዳለን፤ አብዛኞቹ አይጎዱም፣ አይጠቅሙም። ምርጫው ግን አጋጣሚ አይደለም። የወባ መመርመሪያው ሁልጊዜ የሚያሳልፈው አንዱን ዓይነት ነው። “ጠንካራው ያሸንፋል” የሚለውም ብዙ ያሳስታል። ጉልበት አይደለም የሚቆጠረው፤ የሚቆጠረው ለአቅመ መራባት የሚደርስ ልጅ ነው። ጂን የጎደለው የወባ ተሕዋስ ከሌላው ጠንክሮ አይደለም የበዛው። ስላልታየ ነው።

ሰውም ከዚህ ውጭ አይደለም። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ካደገ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅሙ ይቀንሳል። ከብት ሲያረቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህን አቅም ዕድሜ ልክ የሚያቆዩ ሚውቴሽኖች በዝተዋል። የሰሜን አውሮፓውያኑ አንድ ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካው ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ በርካታ ዓይነት ተገኝቷል። ለከፍታም እንደዚያው። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከፍ ያለ ነው። ቲቤታውያን ዝቅ አድርገው ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ደግሞ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኛ ደገኞች ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ከቆላ ነዋሪ ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ አንድ ነው፣ መፍትሔው ሦስት ሆነ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ሕዝብ የሠራው በእጁ በነበረው ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ጠበቅ ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንዲህ ያሉ ምሳሌዎች ክፍል ውስጥ ሲነሱ አንዱ ተማሪ “የእኛ ብሔር ይበልጣል” ወደሚል ሊወስደው ይችላል። እዚያው ያቁሙት። ማንኛውም ሁለት ሰዎች በዲኤንኤ 99.9 በመቶ ያህል አንድ ናቸው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው ከቀሪው ልዩነት 85 በመቶ ገደማው የሚገኘው እዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ነው። ወተት መፍጨት ወይም ከፍታ መቻል የሰው ዋጋ መለኪያ አይደለም። የዝግመተ ለውጥ ቋንቋ ባለፉት ሁለት ምዕተ ዓመታት ሰውን ለማሳነስና ለመግደል ጭምር መጠቀሚያ ሆኗል። በዚህ ጉዳይ ዝምታ አይበጅም።

“ቲዎሪ ነው” ወደሚለው ልምጣ። ይህን መዝጊያ ዳግም አይጠቀሙበት። በሳይንስ ቲዎሪ ማለት ብዙ እውነታዎችን አያይዞ የሚያስረዳ፣ በተደጋጋሚ የተፈተነ ማብራሪያ ነው። በሽታ በተሕዋሳት ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው። እርስዎ “ቲዎሪ ብቻ ነው” ሲሉ ተማሪው የሚሰማው “ግምት ነው፣ አትመነው” ነው። ክርክሩ ጋብ ይላል፤ ትምህርቱ ግን አብሮ ይሞታል።

ክርክሩ የሚከረው በእምነት ምክንያት እንደሆነ እገምታለሁ። የእርስዎ ሥራ የማንንም እምነት ማጽደቅም ሆነ ማፍረስ አይደለም። ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዴት እንደሚለወጡ ማስረጃውን ያሳዩ። እንዲያምኑ አይጠይቋቸው፤ እንዲረዱ ይጠይቋቸው። የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት ጀመረ የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ የምርምር መስክ ነው። የሰው ሕይወት ትርጉሙ ምንድን ነው የሚለው ደግሞ የባዮሎጂ ጥያቄ አይደለም። ይህን ወሰን በግልጽ ይንገሯቸው። ተማሪው ሁለቱን መምረጥ ግዴታ ከመሰለውም፣ የሰውን ጂኖም (ሙሉውን የዲኤንኤ መረጃ) የማንበቡን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ አማኝ ክርስቲያን መሆናቸውን ይጥቀሱለት። እዚያው ላይ ይብቃዎት፤ ወደ ስብከትም ወደ ሙግትም አይግቡ።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የትምህርቱን ቅደም ተከተል ይገልብጡት። ከሰው አይጀምሩ። መጀመሪያ በአንድ ዝርያ ውስጥ ልዩነት መኖሩን፣ ልዩነቱ እንደሚወረስና ሁሉም እኩል እንደማይራባ ያስይዙ። ቀጥለው የወባውን ታሪክ ያምጡ። ጭላዳና ድንቅነሽ መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ያኔ ተማሪው መሣሪያው በእጁ አለ።

ላቦራቶሪ ከሌለዎት ቀይና ነጭ ቦሎቄ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሃምሳ ፍሬ ቀይ አፈር ላይ ይበትኑ። ጥቂት ተማሪዎች ወፍ ሆነው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያገኙትን ይልቀሙ። የተረፈውን ይቁጠሩ። እያንዳንዱ የተረፈ ፍሬ አንድ የራሱን ቀለም “ይውለድ”፤ ያን ያህል ጨምረው እንደገና ይበትኑ። ሦስትና አራት ዙር ሲሄድ ነጩ ይመናመናል። ከዚያ ጨዋታውን ሣር ላይ ይድገሙት፤ ውጤቱ ሊቀየር ይችላል። አንድም ቦሎቄ ቀለሙን እንዳልቀየረ ያስተውሉ ዘንድ ይጠይቋቸው። ጨዋታው አዲስ ሚውቴሽን እንደማያሳይም ይንገሯቸው።

ፈተና ሲያርሙም ይጠንክሩ። “ባክቴሪያው ራሱን ለወጠ”፣ “እንስሳው አካባቢውን ለመቋቋም ሲል አበቀለ” ለሚል መልስ ሙሉ ነጥብ አይስጡ። ቃላቱ ያማሩ ቢሆኑም ሐሳቡ ስህተት ነው። “ቀድሞውንም የሚቋቋሙ ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱ ተርፈው ተባዙ” ብሎ በራሱ ተራ አማርኛ የጻፈው ግን ሙሉ ነጥብ ይገባዋል፤ “የተፈጥሮ ምርጫ” የሚለውን ስም ባይጠቅሰውም እንኳ።